መብትና ማስከበሪያው፦ አምቤድካር በሕንድ ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ሥራ የነበራቸው ድርሻ ሲመዘን

አንድ ሕዝብ ከባዕድ አገዛዝ ተላቆ የራሱን መንግሥት በሚያቆምበት ጊዜ፣ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ሰው ስም ከሰነዱ ጋር ተያይዞ ለተከታዩ ትውልድ ይተላለፋል። ተማሪውም ስሙንና ዘመኑን አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሳል። «የሕንድ ሕገ መንግሥት አባት ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ዶክተር ቢምራኦ ራምጂ አምቤድካር» ብሎ የጻፈ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። መልሱ ስሕተት ነው አይባልም። ይሁን እንጂ ይህን ብቻ ዐውቆ ከክፍል የወጣ ተማሪ፣ አምቤድካር ምን እንደ ሠሩ፣ ምን ፈልገው እንዳላገኙ፣ የትኛውንም ነጥብ በገዛ ፈቃዳቸው እንደ ለቀቁ አያውቅም። ስም ተምሯል፤ ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚወጣ ግን አልተማረም።

ይህ ጽሑፍ የአምቤድካርን ድርሻ በሦስት አንቀጾች፣ ማለትም በአንቀጽ 32፣ በአንቀጽ 17ና በአንቀጽ 45 ላይ ተመሥርቶ ይመዝናል። መለኪያው ከውጭ የተበደረ አይደለም፤ አምቤድካር ራሳቸው በሕገ መንግሥት ጉባኤው መጀመሪያ ላይ ያቀረቡት ነው። ይኸውም ማስከበሪያ ያልተበጀለት መብት ከመልካም ምኞት የማያልፍ መሆኑ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታዩ ሁለቱ አንቀጾች የአርቃቂውን ብርታት ሲያሳዩ፣ ለትምህርት ባለሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ሦስተኛው አንቀጽ ድካማቸውን ይገልጣል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የአርቃቂው ስፍራ

አምቤድካር በ1891 በምሆው ከተማ «የማይነኩ» ከሚባሉት ማኅበረሰቦች አንዱ ከሆነው ከማሃር ወገን ተወለዱ። በተማሪነታቸው ዘመን ከሌሎች ልጆች ተለይተው፣ ከቤት ይዘውት በሚመጡት ጆንያ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቢጠማቸውም ቧንቧውን መንካት ስለማይፈቀድላቸው፣ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ካልከፈተላቸው በቀር ውኃ አያገኙም ነበር። ከዚህ ተነሥተው በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በለንደንም በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ የሕግ ጠበቃም ሆኑ። በ1927 ማሃድ በተባለች ከተማ ከሕዝብ ኩሬ ውኃ የመጠጣትን መብት ለማስከበር ወገኖቻቸውን አስከትለው ወጡ። የሕንድ ነጻነት በቀረበበት ወቅት በብዙው ሕዝብ ዘንድ ይታወቁ የነበረው የኮንግሬስ ፓርቲና የማህተማ ጋንዲ ብርቱ ነቃፊ በመሆናቸው ነው።

የሕገ መንግሥት ጉባኤው ታኅሣሥ 9 ቀን 1946 በኒው ዴልሂ ሥራውን ሲጀምር አምቤድካር ከቤንጋል ተመርጠው የገቡ አንድ አባል ነበሩ። በ1947 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ወንበራቸውን ቢያጡም፣ ቀድሞ ይነቅፉት የነበረው የኮንግሬስ ፓርቲ መሪዎች ከቦምቤይ እንዲመረጡ አደረጉ። ነሐሴ 29 ቀን 1947 ሰባት አባላት ያሉት አርቃቂ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበርነቱም በዚያው ወር የሕግ ሚኒስትር ለሆኑት ለአምቤድካር ተሰጠ።

እዚህ ላይ «አባት» የሚለው ቃል የሚሸፍነውን ነገር ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። አርቃቂ ኮሚቴው ሥራውን በባዶ ወረቀት አልጀመረም። ስለ ማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣንና አቋም ያጠኑትን ኮሚቴዎች ጃዋሃርላል ኔህሩ፣ ስለ መሠረታዊ መብቶችና ስለ አናሳ ማኅበረሰቦች ያጠናውን አማካሪ ኮሚቴ ቫላብባይ ፓቴል ይመሩ ነበር። የእነዚህን ኮሚቴዎች ውሳኔ ተከትሎ የጉባኤው የሕገ መንግሥት አማካሪ ቤኔጋል ናርሲንግ ራው 243 አንቀጾችና 13 ሠንጠረዦች ያሉትን የመጀመሪያ ረቂቅ በጥቅምት 1947 አዘጋጁ። አርቃቂ ኮሚቴው ይህን መርምሮ በየካቲት 1948 ባወጣው ረቂቅ የአንቀጾቹ ቍጥር 315 ሆነ፤ በመጨረሻ የጸደቀው ሰነድ ደግሞ 395 አንቀጾችና 8 ሠንጠረዦች ነበሩት። አምቤድካር ራሳቸው ኅዳር 25 ቀን 1949 ባደረጉት የመዝጊያ ንግግር ምስጋናው ለራውና ለዋናው የሕግ ጸሓፊ ለሙከርጂ ጭምር እንደሚገባ በግልጥ ተናግረዋል።

ከዚህም ሌላ፣ በሰነዱ ውስጥ ያለው ሐሳብ ሁሉ የአርቃቂው ሐሳብ አይደለም። አምቤድካር በ1947 ባቀረቡት ማስታወሻ ዋና ዋና ኢንዱስትሪዎች፣ መድንና የእርሻ መሬት በመንግሥት እጅ እንዲሆኑ፣ ይህም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቀው ነበር። «የማይነኩ» ለሚባሉትም የተለየ የመራጮች መዝገብ እንዲኖር ፈልገው ነበር። ሁለቱም ተቀባይነት አላገኙም። እንግዲህ አምቤድካር ያረቀቁት ሰነድ በዋና ዋና ነጥቦች ላይ የተሸነፉበት ሰነድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ድርሻቸው ምን ነበር? መልሱ በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገኛል። ኅዳር 5 ቀን 1948 ክሪሽናማቻሪ የተባሉት አባል ለጉባኤው እንዳስረዱት፣ ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ለቀዋል፣ አንዱ ሞተዋል፣ አንዱ አሜሪካ ሄደዋል፣ አንዱ በሌላ የመንግሥት ሥራ ተይዘዋል፣ ሌሎቹም በጤና ምክንያት ከዴልሂ ርቀዋል፤ ስለዚህ ሸክሙ በአምቤድካር ላይ ወድቋል። ያን ጊዜ አምቤድካርም ጤነኛ አልነበሩም። በረቂቁ ላይ 7,635 የማሻሻያ ሐሳቦች በጽሑፍ ሲቀርቡ፣ ከእነዚህ ውስጥ 2,473ቱ በጉባኤው ላይ ለውይይት በቅተዋል። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ተነሥቶ ማስረዳት፣ ማሻሻያውን መቀበል ወይም በቂ ምክንያት ሰጥቶ አለመቀበል የሊቀ መንበሩ ተግባር ነበር። በአብዛኛው እርሳቸው የተቀበሉት ያልፋል፤ ያልተቀበሉት ይወድቃል። ሥልጣናቸውም ኀላፊነታቸውም የሚለካው በዚህ ነው። አባትነት ሳይሆን፣ በየአንቀጹ ላይ «እሺ» ወይም «እምቢ» የማለት ኀላፊነት ነበራቸው።

ማስከበሪያ ያገኙ መብቶች

ጉባኤው ሥራውን በጀመረ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1946፣ አምቤድካር ኔህሩ ባቀረቡት የዓላማ መግለጫ ላይ አስተያየት ሰጡ። መግለጫው ስለ እኩልነትና ስለ ነጻነት በሚያምር ቋንቋ የተጻፈ ነበር። አምቤድካር ግን አንድ ጉድለት አሳዩ፤ መብቶቹ ተዘርዝረዋል፣ መብቱ የተጣሰበት ሰው የት ሄዶ እንደሚያስከብር ግን አልተነገረም አሉ። ሰው ጉዳቱን የሚያስወግድበት መንገድ ካላገኘ መብቱ ዋጋ የለውም ሲሉም አስረዱ። ይህ የሕግ ባለሙያ አስተያየት ብቻ አይደለም። ቧንቧው የሕዝብ እንደ ሆነ እየተነገረው ውኃ የተከለከለ ሰው የሚያውቀው እውነት ነው።

ይህ አቋም ከሁለት ዓመት በኋላ በአንቀጽ 32 ሥጋ ለበሰ። በዚህ አንቀጽ መሠረት መሠረታዊ መብቱ የተነካበት ማንኛውም ሰው በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲቀርብ ወይም አንድ ባለሥልጣን ግዴታውን እንዲፈጽም ማዘዝ ይችላል። ወደ ፍርድ ቤት የመሄዱ መብት ራሱ መሠረታዊ መብት ሆነ ማለት ነው። አምቤድካር ታኅሣሥ 9 ቀን 1948 ስለዚህ አንቀጽ ሲናገሩ፣ ከሰነዱ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፣ የሕገ መንግሥቱ ነፍስና ልብ ይህ ነውና የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሰጥተዋል። ከዚያ በኋላ በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የታዩት ብዙ የመብት ጉዳዮች በዚህ በር የገቡ ናቸው።

አንቀጽ 17 በሌላ በኩል ሰውን «የማይነካ» አድርጎ ማግለልን ይሽራል፤ በማንኛውም መልክ መፈጸሙንም ይከለክላል፤ በዚህ ሰበብ ሰውን ማጕደልም በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርጋል። አብዛኞቹ መሠረታዊ መብቶች የሚይዙት መንግሥትን ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ ግን ጎረቤትን፣ ባለ ሱቅን፣ የኩሬ ጠባቂንና መምህርን ጭምር ይይዛል። ጉባኤው ኅዳር 29 ቀን 1948 ሲያጸድቀው አባላቱ በጭብጨባ የጠሩት የማህተማ ጋንዲን ስም ነበር። አንቀጹን በአርቃቂነት ያቀረቡትና ከልጅነታቸው ጀምሮ መገለሉን በሥጋቸው የቀመሱት ሰው ግን እዚያው ተቀምጠው ነበር። ታሪክን በስም የሚያስተምር መምህር ይህን ትዕይንት ቢያስብ መልካም ነው፤ ጭብጨባና ሥራ ሁልጊዜ በአንድ ስም አይመዘገቡም።

አንቀጹ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የተሻረው ነገር ምን እንደ ሆነ ትርጓሜ አልተሰጠውም፤ ይህም በጉባኤው ውስጥ ጥያቄ አስነሥቷል። አንቀጹ የማግለልን ድርጊት ሲሽር፣ የድርጊቱ ሥር የሆነውን የካስት ሥርዓት አልሻረም። ሆኖም የማስከበሪያ በር ስለ ተከፈተለት ከእርሱ የተወለዱ ሕጎች ተከተሉ። በ1955 የወንጀል ቅጣት የሚደነግግ ሕግ ወጣ፤ በ1976 ይኸው ሕግ ተሻሽሎ ጠነከረ፤ በ1989 ደግሞ በእነዚህ ወገኖች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ የሚቀጣ ሌላ ሕግ ታወጀ። የሕንድ የወንጀል መዛግብት እስከ ዛሬ በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ወንጀሎችን መመዝገባቸው እውነት ነው። ከዚህም የምንረዳው ማስከበሪያ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ተበዳዩ ግን የሚቆምበት መሬት አግኝቷል፤ በደሉም በሕግ ፊት ስም አለው።

የኅዳር 23 ውሎ

አሁን ወደ ትምህርቱ አንቀጽ እንመለስ። በየካቲት 1948 በወጣው ረቂቅ ውስጥ አንቀጽ 36 ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዞ ነበር። አንደኛው እያንዳንዱ ዜጋ ነጻ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የማግኘት መብት አለው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው መንግሥት በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ 14 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ለሕፃናት ሁሉ ነጻና ግዴታ የሆነ ትምህርት ለመስጠት ይጥራል የሚል ነበር። አንቀጹ የተቀመጠው ግን ፍርድ ቤት ከሚያስከብራቸው መብቶች ክፍል ሳይሆን የመንግሥት ፖሊሲ መምሪያ መርሆች ከሚባለው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ያሉት መርሆች ለአገር አስተዳደር መሠረት መሆናቸው ቢነገርም፣ ማንም ሰው በፍርድ ቤት ሊጠይቅባቸው አይችልም።

ኅዳር 23 ቀን 1948 በዚህ አንቀጽ ላይ ሁለት ማሻሻያዎች ቀረቡ። ላክሽሚ ካንታ ማይትራ የተባሉት አባል፣ ዜጋው መብት አለው የሚሉት ቃላት እንዲሰረዙ ጠየቁ። ምክንያታቸው የአጻጻፍ ነበር፤ በዚህ ክፍል ያሉት ሌሎች አንቀጾች ሁሉ ለመንግሥት መመሪያ የሚሰጡ ስለሆኑ፣ ይህም አንድ ብቻ መብት የሚሰጥ መስሎ መታየት የለበትም የሚል ነው። ናዚሩዲን አህመድ የተባሉት አባል ደግሞ «ትምህርት» የሚለው ቃል «የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት» በሚል እንዲጠብ ሐሳብ አቀረቡ።

አምቤድካር የመጀመሪያውን ተቀበሉ፤ ሁለተኛውን አልተቀበሉም። ሁለተኛውን ላለመቀበል የሰጡት ምክንያት ግን ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው። በሌላ አንቀጽ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በፋብሪካና በማዕድን ጕድጓድ እንዳይሠሩ ተከልክሏል፤ ልጁ ሥራ ካልሠራ የሚውልበት ትምህርት ቤት ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ግዴታው በመጀመሪያ ደረጃ ሳይሆን በ14 ዓመት ዕድሜ ሊለካ ይገባዋል አሉ። ሁለት አንቀጾችን አገናዝበው የልጁን ቀን ሙሉ አድርገው አዩት። የሕፃናትን የጕልበት ሥራ ሳያስቡ ትምህርት ቤትን፣ ትምህርት ቤትን ሳያስቡ የጕልበት ሥራን መከልከል ከንቱ መሆኑን ከብዙ ዕቅድ አውጪዎች ቀድመው ተረድተውታል።

በዚያው ዕለት ግን «መብት አለው» የሚለው ቃል ከአንቀጹ ወጣ። የቀረው «መንግሥት ይጥራል» የሚለው ነው። መጣር ደግሞ ለመለካት የሚያስቸግር ግሥ ነው፤ የጣረና ያልተሳካለት፣ ፈጽሞም ያልጣረ መንግሥት በወረቀት ላይ ተመሳስለው ይታያሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የኔህሩን መግለጫ ማስከበሪያ የለውም ብለው የነቀፉት ሰው፣ ለሕፃናት የሚበጀውን መብት ማስከበሪያ ብቻ ሳይሆን ስሙንም ሲያጣ ያለ ክርክር አሳለፉት። በራሳቸው መለኪያ ሲመዘኑ ጐድለው የሚገኙት በዚህ ስፍራ ነው።

አንቀጹ በመጨረሻው ሰነድ 45ኛ ሆኖ ጥር 26 ቀን 1950 ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ ሲውል፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለው የአገሪቱ ሕዝብ በ1951ዱ ቈጠራ መሠረት 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የ10 ዓመቱ ቀጠሮ በ1960 ደረሰ፤ አልተፈጸመም። ቀጠሮው በማለፉ ሊከሰስ የሚችል አካል አልነበረም። በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ 14 ዓመት ድረስ መማር በሕይወት የመኖር መብት አካል ነው ሲል ፈረደ። በ2002 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከ6 እስከ 14 ዓመት ላሉ ሕፃናት ትምህርት መሠረታዊ መብት ሆነ። ማስፈጸሚያው ሕግ በ2009 ወጥቶ ሚያዝያ 1 ቀን 2010 ሥራ ጀመረ። በ1950 የ6 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው፣ የትምህርት መብት ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የ66 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ከዚህም ላይ፣ የ1950ው አንቀጽ የዕድሜ መነሻ ሳያበጅ 14 ዓመት እስኪሞላቸው ይል የነበረውን፣ አዲሱ መብት ከ6 ዓመት ጀምሮ በማለት አጥብቦታል።

ለአርቃቂው የሚቀርብ መከላከያና ዋጋው

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ለአምቤድካር ሊባል የሚችለውንም መስማት ይገባል። በመጀመሪያ፣ ውሳኔው በዋናው ነገር ቀድሞ ያለፈ ነበር። ስለ መሠረታዊ መብቶች ያጠናው ንኡስ ኮሚቴ፣ አምቤድካርም አባል የሆኑበት፣ የሕፃናትን ትምህርት ከመብቶች ተርታ አስገብቶት ነበር፤ ወደ መርሆች ክፍል የወረደው በሚያዝያ 1947 በአማካሪው ኮሚቴ ውይይት ነው። ስለዚህ የኅዳር 23ቱ ስረዛ የተለየ በር አልዘጋም፤ የተዘጋውን በር ስያሜ ነው ያነሣው። ሁለተኛ፣ የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ባዶ ነበር፤ አገር መከፈሉ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አፈናቅሎ ነበር፤ ፍርድ ቤትም ትምህርት ቤት ሊሠራ፣ መምህር ሊያሠለጥን አይችልም። ሦስተኛ፣ ትምህርት እስከ 1976 ድረስ የክፍላተ ሀገሩ መንግሥታት ሥልጣን ስለ ነበረ፣ የዘገየው ሁሉ በአንድ ቃል ጕድለት የመጣ አይደለም።

አራተኛውና ጠንካራው መከላከያ የራሳቸው የአምቤድካር ነው። ኅዳር 4 ቀን 1948 ረቂቁን ሲያቀርቡ ስለ መርሆቹ እንዳስረዱት፣ ሥልጣን የያዘ ሁሉ እነዚህን መመሪያዎች ሊያከብር ይገባዋል፤ ቢጥሳቸው በፍርድ ቤት ባይጠየቅም፣ በምርጫ ጊዜ በመራጩ ሕዝብ ፊት መልስ መስጠቱ አይቀርም። እንግዲህ ማስከበሪያው ፍርድ ቤት ሳይሆን የምርጫ ሣጥን ነው ማለታቸው ነው። ይህ ቀላል አስተያየት አይደለም። በ1951 እና በ1952 በተደረገው የመጀመሪያ ጠቅላላ ምርጫ 173 ሚሊዮን ያህል መራጮች ተመዝግበው፣ አብዛኞቹ ማንበብ ሳይችሉ በፓርቲዎች የሥዕል ምልክት እየለዩ ድምፅ ሰጥተዋል። ማንበብ አለመቻል ፍርድ አለመቻል እንዳልሆነ ያ ሕዝብ አስመስክሯል።

ይሁን እንጂ መከላከያው በአንድ ስፍራ ይሰበራል። የአንቀጽ 45 ባለ ጕዳይ ሕፃን ነው፤ ሕፃን ደግሞ አይመርጥም። ሠራተኛው ስለ ደመወዙ፣ ገበሬው ስለ መሬቱ በምርጫ ሊቀጣ ይችላል። የ8 ዓመት ልጅ ግን ትምህርት ቤት ያልሠራለትን መንግሥት የሚቀጣበት ድምፅ የለውም፤ ድምፅ በሚያገኝበት ዕድሜ የመማሪያ ዘመኑ አልፏል። ወላጆቹ ይመርጡለታል ቢባል፣ የልጁ ጕልበት ለቤተ ሰቡ እንጀራ በሚያስፈልግበት ቤት የወላጅና የልጅ ጥቅም ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ስለዚህ ከመርሆቹ ሁሉ የፍርድ ቤት ጥበቃ ይበልጥ ያስፈልገው የነበረው ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

አምቤድካር ይህን አደጋ አላዩትም ለማለት ግን ያስቸግራል። ኅዳር 25 ቀን 1949 ባደረጉት ንግግር አገሪቱ በቅራኔ ወደ ተሞላ ኑሮ እየገባች መሆኗን አስጠንቅቀዋል። በፖለቲካ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይኖረዋል፤ በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ኑሮ ግን እኩልነት አይኖርም፤ ይህ ቅራኔ ቶሎ ካልተወገደ በእኩልነት መጓደል የሚጎዱት የተሠራውን የፖለቲካ ሕንፃ ያፈርሱታል አሉ። መሪዎችን እንደ አምላክ ማምለክም ወደ አምባገነንነት የሚወስድ መንገድ መሆኑን ተናገሩ። በ1951 የሂንዱ የጋብቻና የውርስ ሕግ ማሻሻያ መዘግየቱን ከምክንያቶቻቸው አንዱ አድርገው ከሚኒስትርነት ለቀቁ። በ1953ም በላይኛው ምክር ቤት ተቈጥተው ሲናገሩ፣ ይህን ሕገ መንግሥት ለማቃጠል የመጀመሪያው ሰው እኔ እሆናለሁ እስከ ማለት ደርሰዋል። ሰነዱን ያላመለኩት አርቃቂ እርሳቸው ከሆኑ፣ እርሳቸውን እያመለኩ ሰነዱን ማስተማር የትምህርታቸው ተቃራኒ ነው።

ቀንድ አውጣው በመማሪያ መጽሐፍ

የአንድን አገር መሥራች በክፍል ውስጥ መመርመር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ በ2012 በሕንድ የተነሣው ክርክር ያስረዳል። በብሔራዊው የትምህርት ምርምርና ሥልጠና ምክር ቤት በ2006 ለ11ኛ ክፍል በተዘጋጀው የፖለቲካ ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ሻንካር የተባሉት ሠዓሊ በ1949 የሣሉት የቀልድ ሥዕል ገብቶ ነበር። ሥዕሉ «ሕገ መንግሥት» በተባለ ቀንድ አውጣ ላይ አምቤድካር አለንጋ ይዘው ተቀምጠው፣ ኔህሩም ከኋላ አለንጋ አንሥተው ያሳያል። በግንቦት 2012 በምክር ቤት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ መንግሥት ሥዕሉ እንዲወጣ አደረገ፤ የመጽሐፉ ሁለት ዋና አማካሪዎችም ከሥራቸው ለቀቁ።

የሁለቱም ወገን ምክንያት ሊደመጥ የሚገባው ነው። የመጽሐፉ አዘጋጆች ሥዕሉን ያስገቡት ሥራው ሦስት ዓመት ያህል የወሰደበትን ምክንያት ተማሪው እንዲጠይቅ ብለው ነው፤ ከሥዕሉ ጋር የቀረበው ንባብም የዘገየው በውይይት ብዛት መሆኑን ያስረዳል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በአለንጋ ሲዋረድ የኖረ ወገን መሪውን አለንጋ በተነሣበት ሥዕል ሲያይ የሚሰማውን አዘጋጆቹ አላሰቡም አሉ። ክርክሩ ከሁለት አንዱን የመምረጥ መስሎ ቀረበ፦ ወይ አክብሮት፣ ወይ ጥያቄ። ነገር ግን ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ እርሱም ተማሪውን ከሥዕሉም ከሐውልቱም አንሥቶ ወደ ቃለ ጉባኤው መውሰድ ነው። አምቤድካር በራሳቸው ቃል ሲከራከሩ፣ ሲያሸንፉ፣ ሲሸነፉና ሲለቁ ያነበበ ተማሪ ሊያዋርዳቸው አይችልም፤ ሊያመልካቸውም አያስፈልገውም።

ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ሕንዳውያን መምህራን ያስተማሩ በመሆናቸው፣ ሕንድ ለኢትዮጵያዊው ተማሪ የሩቅ ስም ብቻ አይደለችም። የታሪክና የሥነ ዜጋ መምህር ይህን ርእስ በሚያስተምርበት ጊዜ ከስሙ ይልቅ ከአንቀጹ ቢጀምር ይበጃል። ክፍሉን በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ አንዱ «ዜጋው መብት አለው» ለሚለው፣ ሌላው «መንግሥት ይጥራል» ለሚለው እንዲከራከር ማድረግ፤ ከዚያም ድምፅ አሰጥቶ አምቤድካር የወሰኑትን መንገር፤ በመጨረሻም 1960፣ 1993፣ 2002ና 2010 የሚሉትን ዓመታት በሰሌዳው ላይ ጽፎ በመካከላቸው ያለፈውን ትውልድ ማስቈጠር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጠመኔና አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ተማሪው በ1994 የጸደቀውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይዞ፣ ስለ ትምህርት የሚናገሩትን አንቀጽ 41ንና አንቀጽ 90ን እያነጻጸረ፣ የትኛው ግሥ ግዴታ እንደሚጥል፣ የትኛው በአገር አቅም እንደሚወሰን ለይቶ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ንባብ ማንንም አይነቅፍም፤ ማንበብን ያስተምራል።

ለዕቅድ አውጪው የሚተርፈው ትምህርት ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ነው። በየዕቅዱ ሰነድ «ይደረጋል»፣ «ይጠናከራል»፣ «ጥረት ይደረጋል» የሚሉ ግሦች ይበዛሉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ጥያቄዎች ሊቀመጡ ይገባል፤ ባይደረግ ማን ይጠየቃል? ጠያቂውስ ማን ነው? ጠያቂው በገጠር የሚኖር የ8 ዓመት ልጅ ከሆነ፣ በስሙ ሊናገር የሚችል የወላጅ ኮሚቴ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ፍርድ ቤት በሰነዱ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ የዕቅድ አውጪው ፈንታ ነው። ይህ ካልተደረገ የ10 ዓመት ቀጠሮ እንዴት 60 ዓመት እንደሚሆን የአንቀጽ 45 ታሪክ አሳይቷል።

አምቤድካር ታኅሣሥ 6 ቀን 1956 ሲያርፉ፣ የ10 ዓመቱ ቀጠሮ ሊያልቅ ሦስት ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። ከእርሳቸው የቀረው ውርስ 395 አንቀጾች ብቻ አይደለም፤ እነዚያን አንቀጾች የምንመረምርበትም ጥያቄ ነው። መብቱ ተጽፏል፤ ለተከለከለው ልጅ በሩን የሚከፍትለት ማን ነው?